መቶ ሺህ ጊዜ የሚጠራው ስም

እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ያን ቀንም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ፤ የትናንቱን ዳቦ በሻይ በላሁ፤ ግራጫውን ሹራብ ለበስኩ። ሹራቡ የባሌ ነው። እጅጌው ስለሚረዝመኝ ሁለት ጊዜ እጠቀልለዋለሁ። የምለብሰው የማሽኑ ክፍል በጣም ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ቢኖረውም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በሩን ቆልፌ፣ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ አደባባዩን አቋርጬ መልስ ቤት ገባሁ።

መልስ ቤት የከተማችን ሰው ሁሉ መዝገብ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ የግቢው ወሰን ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ደሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሁሉም እዚያ አለ። መዝገቡ ያለው አሥራ ሁለት ዲስኮች ላይ ሲሆን ዲስኮቹ በአንድ የብረት ካቢኔት ውስጥ እንደ መሳቢያ ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ፊታቸው ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለቻቸው። ከላያቸው ሰርቨሩ ተቀምጧል። ሰው ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ጥያቄውን ይቀበላል፤ ዲስኮቹ ፈልገው ይሰጡታል። የእኔ ሥራ በየጠዋቱ፣ በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ ይህ ሁሉ ምን ያህል እንደሚፈጥን መለካት ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ይህንኑ ነው።

የልኬቱ ትእዛዝ አንዲት መስመር ናት። አንድ ስም መቶ ሺህ ጊዜ ትጠራለች፤ ከዚያም በሰከንድ ስንት ጊዜ መልስ እንደተገኘ ትናገራለች። ያን ቀን አርባ አንድ ሺህ መጣ። ልኬቱ የሚፈጀው ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። በእነዚያ ሁለት ሰከንድ ተኩል ውስጥ ከወንበሬ ተነሥቼ እቆማለሁ። ይህ በደንቡ ውስጥ የለም።

ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በር ላይ ለሚጠብቀኝ ለለፋፊው ለጋሼ ዘለቀ ሰጠሁት። ጋሼ ዘለቀ ወረቀቱን ሳያይ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ከትናንቱ ይበልጣል?» አለኝ።

«በጥቂቱ።»

«አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አያውቅም እኮ! እኔ ግን ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ በየቀኑ ይወርዳል፤ እሱን የሚለካ የለም።»

ከዚያ አደባባዩ መሐል ካለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ለፈፈ። ሰዎች አጨበጨቡ። ፀጉር አስተካካዩ በሱቁ መስተዋት ላይ የትናንቱን ቁጥር ጠርጎ የዛሬውን ጻፈ። እኛ ከተማ ሰው ሲገናኝ «ቁጥሩ እንዴት ነው?» ነው የሚባባለው።

ከመልስ ቤት በር የሚጀምረው ወረፋ ያን ጊዜ አደባባዩን ዞሮ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል አልፎ፣ ድልድዩ ድረስ ይደርስ ነበር። ቁጥሩ ሲጨምር ወረፋውም ይጨምራል። ይህን የሚያስረዳ አንድ ክፍል ተቋቁሟል፤ የወረፋ ማብራሪያ ክፍል ይባላል፤ ዘጠኝ ሠራተኞች አሉት። ማብራሪያቸው፣ ቤቱ ፈጣን መሆኑን የሰማ ሁሉ ስለሚመጣ ወረፋ ይረዝማል የሚል ነው። ለተሰላፊዎች የዝናብ ዳስ ተሠራላቸው፤ ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር፤ ቀጥሎ የወረፋ ዳኛ። እያንዳንዱ ተሰላፊ በመጀመሪያው ቀን «ፈጣን አገልግሎት አግኝቻለሁ» የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። መጨረሻ ላይ ቢሰጥ ይዘገያል ተብሎ ነው።

አሁን ስለ ስሙ ልናገር።

ደንቡ ሲወጣ ለልኬት የሚሆን አንድ የመጥሪያ ስም እንዲመረጥ ያዝዝ ነበር። ሰው ግን ስሙን ለመስጠት ፈራ። በቀን መቶ ሺህ ጊዜ የተጠራ ስም ይሳሳል፣ ከጊዜ በኋላም ያልቃል የሚል ወሬ ነበር። አንድ ጸሐፊ የአማቱን ስም ሊያስመዘግብ ሄዶ ሚስቱ ከመንገድ መልሳዋለች። በመጨረሻ ዲስኮቹን ያቆመው ሰው «የኔን ውሰዱ» አለ። ያ ሰው ልሳነወርቅ ነው፤ ባሌ።

እቤት ሲመጣ «ስምህ ቢያልቅስ?» አልኩት።

«ካለቀ 'የዘርትሁን ባል' ትሉኛላችሁ፤ እሱን ለማንም አልሰጠሁም» አለ።

ደንቡ ሌላም ነገር ነበረው። የመጥሪያው ስም ባለቤት ለቤቱ እንደ ምሰሶ ስለሚቆጠር፣ የፍጥነት ሹሙ በየጠዋቱ ስለ እሱ ደኅንነት እንዲጠይቁ ግዴታ ነው። የፍጥነት ሹሙ አቶ ደምመላሽ ደግሞ ግዴታቸውን የማያጓድሉ ሰው ናቸው። ልሳነወርቅ በሥራ ላይ እያለ ራሱን ይጠይቁት ነበር። ከዚያ በኋላ እኔን መጠየቅ ጀመሩ።

«ጋሼ ልሳነወርቅ እንዴት አደሩ?» ይሉኛል ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው።

«ተጠርተዋል።»

«እሰይ፣ ተመስገን!» ብለው ወደ ቢሯቸው ይገባሉ።

ልሳነወርቅ የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ስለ ማክሰኞው ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሰፈሩ ቀበረው። ከሰባት ቀን በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩና ቁጥሩን ለክቼ፣ በዕረፍት ሰዓቴ ሞቱን ላስመዘግብ ወደ ሦስተኛው መስኮት ሄድኩ። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነበር።

«ስም?»

ነገርኩት። ጣቶቹ ኮምፒውተሩ ላይ ቆሙ።

«ማክሰኞ ነው ያሉኝ እመቤት?»

«ማክሰኞ።»

«ረቡዕ ጠዋት መቶ ሺህ ጊዜ ተጠርተው መቶ ሺህ ጊዜ ተገኝተዋል። ሐሙስም። ዛሬ ጠዋትም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ዛሬ የጠሯቸው ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ፊርማዎ ይኸው። ጠርተው ያገኙትን ሰው ሞተ ብዬ ልጻፍልዎ?»

«ቀብረነዋል።»

«ይሆናል። ግን ሲጠሩ ይገኛሉ።»

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ መከራከር አያቅተኝም። ግን ቅጹን አጣጥፌ ወጣሁ። ደረጃውን እየወረድኩ ሳለ ለዚያ ጸሐፊ ምስጋና እንደተሰማኝ አስታውሳለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝገብ ባለትዳር ነኝ። መልስ ቤት ውስጥ ያለ ማንም ሰው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎኝ አያውቅም፤ በሕይወት ስላለ ሰው ማጽናናት በደንቡ መሠረት ስለሚያስቀጣ። ሊሉኝ የፈለጉ ነበሩ። በኮሪደር ሲያገኙኝ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ይዘጉታል።

አንድ የደበቅኩት ነገር ግን ነበር፤ የደበቅኩትም አውቄ ነው። ሰርቨር በቅርቡ የተጠየቀውን ነገር እጁ ላይ ያቆየዋል። ያንኑ ነገር ደግመህ ብትጠይቀው ወደ ዲስኮቹ አይወርድም፤ እጁ ላይ ካለው ያነብልሃል። አንድን ስም መቶ ሺህ ጊዜ ስንጠራ ዲስኮቹ የሚነኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረው ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ምናምን ጊዜ ማሽኑ የያዘውን ነው የሚደግመው። ቁጥሩ የሚነግረን የልሳነወርቅ ስም ምን ያህል እንዳልተረሳ ነበር። ስለ ዲስኮቹ አንዳች አይነግረንም።

ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ሊሞት ወር ሲቀረው፣ አልጋው ላይ ሆኖ፣ በሰማያዊ ደብተር እውነተኛውን ልኬት ጻፈልኝ። ማሽኑ እጁ ላይ ያለውን ሁሉ መጀመሪያ አስረሺው፤ ከአሥራ ሁለቱም ዲስኮች ዐሥር ሺህ ስም በዕጣ አውጪ፤ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ጥሪ፤ ከዚያ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ለኪ ይላል። የመጀመሪያው መስመር ግን «የኔን ስም ከልኬቱ አውጪ» የሚል ነበር። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሦስት ዓመት እዚያው ነበር።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ረቡዕ ነበር። በምሳ ሰዓት ስወጣ፣ ወረፋው ውስጥ ያሉ አንዲት ሴት ሹራቤን ያዝ አደረጉኝ። ስማቸው እትዬ ደብሪቱ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ነበር ተራቸው፤ አምስተኛ ቀናቸው ነው።

«አንቺ ነሽ ቁጥሩን የምታወጪው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ስንት ነበር የዛሬው? ያ ሰውዬ ሲጮህ ጆሮዬ አልያዘውም።»

«አርባ አንድ ሺህ በሰከንድ።»

«በሰከንድ!» ዞር ብለው ወረፋውን አዩ። «እዚህ ያለነው ሁለት ሺህ ብንሞላ ነው። ታዲያ ልጄ ስንዱ ከአርባ አንዱ ሺህ ውጭ ናት?»

ከኋላቸው የቆመ ሰው «እትዬ፣ እርስዎ ገና አምስት ቀንዎ ነው፤ እኔ ጢሜን እዚሁ ነው ያሳደግኩት» አለ። ተሰላፊዎቹ ሳቁ። እትዬ ደብሪቱ ግን አልሳቁም።

ስንዱ ሕክምና ቤት ተኝታለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር እስከ ቅዳሜ ካልወጣ አትተርፍም። ሐኪሞቹ ቢላቸውን አዘጋጅተው የደሟን ዓይነት እየጠበቁ ነው። እኛ አገር ሐኪም የሰውን ደም ከሰውየው ወስዶ መመርመር አይፈቀድለትም፤ መዝገብ እያለ ሰውነትን መጠየቅ መዝገብን መናቅ ነው። ስለዚህ የመልስ ቤት ወረቀት መምጣት አለበት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ እትዬ ደብሪቱ። «ያን ማሽን ስትለኪው የማንን ስም ነው የምትጠሪለት?»

«የባለቤቴን።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ያለ ምንም ቁጣ፣ የጠፋ ዕቃ ያለበትን ቦታ እንደሚጠቁም ሰው፣ «እሱንማ መች ይረሳዋል ልጄ? አንቺም አልረሳሽው። የኔን ስንዱን ጠይቂው እስቲ» አሉኝ።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እቤት ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሹራቡን ለብሼ፣ ደብተሩን ይዤ ገባሁ። ማሽኑ የያዘውን ሁሉ አስረሳሁት። ይህም አንዲት ትእዛዝ ናት። ከዚያ የመጥሪያውን ስም ከልኬቱ አወጣሁ፤ በቦታው በዕጣ የወጡ ዐሥር ሺህ ስሞች አስገባሁና አስጀመርኩ።

ሁለት ሰከንድ ተኩል አለፈ። አላለቀም። ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ዲስኮቹ እንዲህ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ማሽላ እንደሚቆላበት ምጣድ ይንጣጡ ነበር። አርባ ሰባት ሰከንድ ፈጀ። ቁጥሩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ።

ቀጥሎ በደብተሩ መሠረት አንድ በአንድ ለካኋቸው። የመጀመሪያው ዲስክ መቶ ዘጠና። ሁለተኛው መቶ ዘጠና። እንዲሁ እስከ ስድስተኛው። ሰባተኛው ዐሥራ ስምንት። ስምንተኛው መቶ ዘጠና። እስከ መጨረሻውም እንደዚያው። ሰባተኛው ታሟል፤ አንዷን መዝገብ ለማንበብ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሞክሮ ሞክሮ ያነባታል። ስለሚያነባት መብራቱ አረንጓዴ ነው። መዝገቦቹ በአሥራ ሁለቱ ላይ የተከፋፈሉ ስለሆነ ግን እሱ ጋ የደረሰ ጥያቄ ሲቆም፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። የአንድ ሰው መልስ ደግሞ የእናቱን፣ የአባቱን፣ የአያቶቹንና የጎረቤቶቹን መዝገብ ሁሉ ያገላብጣል። አሥራ አንድ ጤነኞች በካቢኔታቸው ውስጥ ተሰልፈው አንዱን ይጠብቁ ነበር። ውጭ ያለው ወረፋ የዚያ ወረፋ ጭራ ነበር።

አቶ ደምመላሽ ገቡ። ኮፍያቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጋሼ ልሳነወርቅ እንዴት አደሩ?»

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አነበቡት። ገለበጡት፤ ጀርባው ላይ ምንም የለም።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት... 'ሺህ' የሚለው ቀርቶብዎታል ወይዘሮ ዘርትሁን።»

«አልቀረም ጌታዬ። ይኸው ነው።»

«ትናንት አርባ አንድ ሺህ ነበርን!»

«ትናንትም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበርን።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ስለ አንዱ ስም፣ ስለ ማሽኑ እጅ፣ ስለ ሰባተኛው። የማይገባቸው ሰው አይደሉም። ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ቢሆንም የደንቡን መጽሐፍ ከኪሳቸው አወጡ።

«እኔ እርስዎን ልጎዳ አልፈልግም» አሉ ገጹን እየገለጡ። «ግን አንቀጹ ግልጽ ነው። የመጥሪያ ስም ከልኬት የሚወጣው ባለቤቱ ሲሞት ብቻ ነው። በሌላ ስም የተገኘ ቁጥር እንደ ቁጥር አይቆጠርም፤ በእሱም ዲስክ መቀየር አይቻልም። ጋሼ ልሳነወርቅ ደግሞ በሕይወት አሉ። ስለዚህ እሳቸውን ይጥሩና ሌላ ወረቀት ያምጡልኝ።»

«ሞቷል» አልኩ።

ቃሏን ከዚያ በፊት ያወጣኋት ሦስተኛው መስኮት ላይ አንድ ጊዜ ነው። ለእኅቴ እንኳ ስለዚያ ቀን ሳወራ «ያኔ» ነው የምላት።

አቶ ደምመላሽ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ አላነሡም። «ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ ጠሯቸው?»

«አልጠራሁትም።»

«አንድም ጊዜ?»

«አንድም ጊዜ።»

ሌላ ገጽ ገለጡ፤ በጣታቸው መስመሩን ተከትለው አነበቡ። «ልኬት በተደረገበት ጠዋት ያልተጠራ የመጥሪያ ስም ባለቤት፣ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ እንደሞተ ይቆጠራል።» መጽሐፉን ዘጉት። ተነሡ። ኮፍያቸውን ጨርሰው አወለቁ፤ ባዶ ራሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ወይዘሮ ዘርትሁን» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተቀየረ። «እግዚአብሔር ያጥናዎት። ይህን ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ይዤው ስገባ ይዤው ስወጣ ነበር።»

አመሰገንኳቸው።

ጋሼ ዘለቀ በር ላይ እየጠበቀ ነበር። ሹሙ ወረቀቱን ራሳቸው ሰጡት። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያው በር ላይ ከፍቶ አየው።

«ይኼን ልለፍፍ?»

«ይለፈፍ።»

«ድንጋዩ ላይ ወጥቼ?»

«ወጥተህ።»

«እንግዲህ ድንጋይ ቢወረወር ከፍ ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ሄደ።

በመስኮቱ አየሁት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ወረፋው ውስጥ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ያ ጢሙን እዚያ ያሳደገው ይመስለኛል። ቀጥሎ ዳሱ ስር ያሉት፣ ቀጥሎ ድልድዩ ድረስ ያሉት አጨበጨቡ። ያን ያህል ጭብጨባ ለአርባ አንዱ ሺህም አልተጨበጨበም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩ እነሱን ይመስል ነበር።

ሰባተኛውን ዲስክ አራት ሰዓት ላይ አወጣሁት። ከሌሎቹ አይከብድም። አዲስ ዲስክ በቦታው ስገፋ፣ ሌሎቹ አሥራ አንዱ የጎደለውን መልሰው ይጽፉለት ጀመር። ልሳነወርቅ ሲያቆማቸው እንዲህ አድርጎ ነው ያቆማቸው፤ አንዱ ቢጠፋ የቀሩት ከየራሳቸው አዋጥተው መልሰው እንዲሠሩት። ያን የሠራው አርባ ዓመት ሳይሞላው ነው። ከሥራ ሲመለስ ጣቶቹ በብሎን ተፍቀው ይመጣ ነበር፤ እኔ ቫዝሊን እቀባለታለሁ፤ እሱ ስለ አንዱ መጥፋት ያወራልኛል። የዚያን ጊዜ ወሬው ይሰለቸኝ ነበር። ያን ሐሙስ መብራቶቹ ሲብለጨለጩ ቆሜ እያየሁ፣ ሰምቼው ባልጨረስኩት ወሬ እንኳ ሲጠቅመኝ በመቆየቱ አመሰገንኩት።

ጽሕፈቱ ዐሥር ሰዓት ላይ አለቀ። እንደገና በዕጣ ለካሁ። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ።

ወረፋው ያን ቀን ማታ ከድልድዩ ለቀቀ። ዓርብ ከወፍጮ ቤቱ ለቀቀ። እትዬ ደብሪቱ ዓርብ ረፋድ ላይ መስኮቱ ጋ ደረሱ። ወረቀቱን ሲቀበሉ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ጸሐፊው ስሙን ጽፎ እጁን ከማንሣቱ መልሱ መጣ። እትዬ ደብሪቱ ወረቀቱን ተቀብለው ገና መጠበቅ እንዳለባቸው ሁሉ እዚያው ቆሙ።

«ጨርሰዋል እኮ እናቴ» አላቸው ጸሐፊው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«በሉ እንግዲህ፣ እኔ ስንቅ ይዤ ነበር» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። ስንዱ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ዳነች።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። መልስ ቤት በሙሉ ደጄ ላይ ቆሟል፤ የሦስተኛው መስኮት ጸሐፊ፣ የወረፋ ማብራሪያ ክፍል ዘጠኝ ሠራተኞች፣ ጋሼ ዘለቀ፣ አቶ ደምመላሽ ጥቁር ለብሰው። በመዝገብ የሞተው ሐሙስ ስለሆነ ልቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት። ደንቡ ከፈቀደላቸው በኋላ የመጀመሪያውን የዕረፍት ቀን አላሳለፉም።

ወንበር ስላልበቃ ከጎረቤት ተበደርን። አንድ በአንድ እየመጡ ሊሉኝ አስበው ሳይሉኝ የቀሩትን አሉኝ። ሦስት ዓመት የያዙት ነገር ስለሆነ አጭርና የተስተካከለ ነበር። አንዲት ጸሐፊ፣ ልሳነወርቅ አንድ ጊዜ ጃንጥላውን ሰጥቷት በዝናብ እንደሄደ ነገረችኝ፤ ጃንጥላውን ይዛው መጥታ ነበር። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞት እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ከየት እንዳመጣው አልነገረኝም ነበር። የሦስተኛው መስኮት ጸሐፊ አጎንብሶ «እመቤት፣ ያኔ መጻፍ ነበረብኝ» አለኝ። «እኔም አልጨቀጨቅኩህም፤ ስላልጻፍክልኝ አመስግኜህ ነበር» አልኩት። እውነት ነው። ያ ሦስት ዓመት ወረፋ ላይ የቆመውን ሰው ምን እንዳስከፈለው አውቃለሁ፤ ምስጋናዬን ግን ልክደው አልችልም። ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ።

እትዬ ደብሪቱ ከሁሉም በኋላ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ። ሊሄዱ ሲነሡ «ስሙን ስትጠሪው ደስ ይልሽ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«እኔ እጠራልሻለሁ። በልመናዬ ውስጥ ከስንዱ ቀጥሎ ነው የማስገባው። ማሽን አይደለሁም፤ በቀን አንዴ ነው የምችለው።»

በቃ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከዚያ በፊት ያለቀስኩበትን አልጽፍም።

አሁን ወረፋ የለም። ዳሱ ውስጥ ፍየሎች ከዝናብ ይጠለላሉ። የወረፋ ማብራሪያ ክፍል አልተዘጋም፤ ዘጠኙ ሠራተኞች ወረፋው ለምን እንደጠፋ እያብራሩ ናቸው። የምስክር ወረቀቱም መሰጠቱ ቀጥሏል፤ ሰው መልሱን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ስለሚደርስ ግን የሚወስደው የለም። ሰባተኛውን ዲስክ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬ ወረቀት እንዳይበተን እጭንበታለሁ። ፀጉር አስተካካዩ መስተዋቱ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ድሮ ከነበረው ያነሰ ነው፤ የሚከፋው ሰው አላየሁም። አቶ ደምመላሽ በየጠዋቱ ኮፍያቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ደንቡ አሁን ስለ ማን እንደሚጠይቁ አይናገርም፤ እሳቸው ግን «ወይዘሮ ዘርትሁን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» ይሉኛል። ደኅና እንዳደርኩ እነግራቸዋለሁ። ብዙ ቀን እውነቴን ነው።

ዛሬም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ሹራቡን ለበስኩ። አደባባዩን አቋርጬ ገባሁ፤ ማሽኑ የያዘውን አስረሳሁት፤ ዐሥር ሺህ ስም በዕጣ አውጥቼ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ጠራሁ። አራት ሰከንድ ተኩል ሳይሞላ ጨረሰ። ዕጣው የሚወጣው በሕይወት ካሉት ብቻ ነው። የልሳነወርቅ ስም በውስጡ የለም።